ሬሳ የጠበቀችው እናት፣ ትእዛዝ ያልፈጸሙት አዋላጆች

(ብዙ ስለማይሰበክላቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ሴቶች)

የመጽሐፍ ቅዱስ ጀግና ሴቶች ሲባል ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጡት ዲቦራ፣ አስቴር፣ ሩትና ዮዲት ናቸው። ይገባቸዋል። ዛሬ ግን እነሱን ላቆያቸውና ስማቸው አንድ ወይም ሁለት ምዕራፍ ላይ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ሴቶችን ላንሳ። አንዳንዶቻችሁ ስማቸውን ራሱ ገና ዛሬ ትሰሙት ይሆናል።

የመረጥኳቸው ሴቶች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ሠራዊት የላቸውም፣ ዙፋን የላቸውም፣ አብዛኞቹ ገንዘብም የላቸውም። ከፊታቸው የቆመው ግን ወይ ንጉሥ ነው፣ ወይ ሕግ ነው፣ ወይ ሞት ነው። እና ምን አደረጉ? እጃቸው ላይ ባለችው ነገር ተጠቀሙ። አንዷ ሙያ ነበራት፣ ሌላዋ የአባቷ ስም፣ አንዷ ደግሞ አንድ ማቅ ብቻ።

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

1. ሲፓራና ፉሐ፦ ለፈርዖን "እሺ" ብለው ያልፈጸሙት

ታሪኩ ዘጸአት ምዕራፍ 1 ላይ ነው። እስራኤላውያን ግብፅ ውስጥ በዝተዋል፣ ፈርዖን ሰግቷል። መጀመሪያ በጉልበት ሥራ ሊያደቃቸው ሞከረ። ጭቃ እያስቦካ፣ ጡብ እያሠራ፣ ፊቶምና ራምሴ የሚባሉ ከተሞች አስገነባቸው። አልሆነለትም፤ ባስጨነቃቸው ቁጥር ይብሱን በዙ። ከዚያ ሁለት አዋላጆች አስጠራ። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ ሴት ስትወልድ ወንድ ከሆነ ግደሉት፣ ሴት ከሆነች ተዉአት።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ይሄ ሁሉ ጦር ያለው ንጉሥ ለምን ወታደር አልላከም? ወታደር ሲገድል ይታያል፣ ሰው ይጮኻል፣ ሕዝብ ይነሳል። አዋላጅ እጅ ላይ የሞተን ሕፃን ግን ማን ይጠይቃል? "ሞቶ ተወለደ" ይባላል፣ በቃ። ፈርዖን የፈለገው እንዲህ ያለ ድምፅ የሌለው ግድያ ይመስለኛል። ለዚያ ደግሞ የሚያስፈልገው ሰይፍ አይደለም፤ ሙያዋን የምትሸጥ ባለሙያ ነች።

የዕብራይስጡ ጽሑፍ ስለ መውለጃው ቦታ ሲናገር "ሁለቱ ድንጋዮች" የሚመስል ቃል ይጠቀማል። የጥንት ግብፃውያን ሴቶች የሚወልዱት ጡብ ላይ ቁጢጥ ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የፔንስልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ አርኪኦሎጂስቶች አቢዶስ በሚባለው ቦታ ከነሥዕሉ አንድ የመውለጃ ጡብ አግኝተዋል። ዕድሜው 3,700 ዓመት ገደማ ነው። ሥዕሉ ላይ አንዲት እናት አራስ ልጇን ይዛ ተቀምጣለች፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ሁለት ሴቶች አጅበዋታል። ይሄን ሥዕል ያየ ሰው ሲፓራና ፉሐ የት ቦታ ላይ ይቆሙ እንደነበር መገመት አያቅተውም።

ስሙም ባዶ ስም አይደለም። ኒው ዮርክ ብሩክሊን ሙዚየም ውስጥ ያለ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዘመን ገደማ የተጻፈ የግብፅ ፓፒረስ አለ። የአንድ ቤት አገልጋዮችን ይዘረዝራል፤ ብዙዎቹ ከእስያ የመጡ ሴማውያን ናቸው። ከመካከላቸው የአንዲቷ ሴት ስም ከሲፓራ ጋር የሚገጥም ነው። እሷ ራሷ ናት እያልኩ አይደለም። ስሙ ግን በግብፅ ይኖሩ በነበሩ ሴማውያን ሴቶች ዘንድ የነበረ ስም ነው።

አዋላጆቹ ወንዶቹን ሕፃናት አልገደሉም። ፈርዖን ድጋሚ ጠርቶ ሲያፋጥጣቸው፣ የዕብራውያን ሴቶች እንደ ግብፃውያን አይደሉም፣ ብርቱዎች ናቸው፣ እኛ ሳንደርስ ይወልዳሉ ብለው መለሱለት። ይቺን መልስ ይዘው ሊቃውንት ለዘመናት ተከራክረዋል፤ ዋሹ ወይስ አልዋሹም? ቅዱስ አውግስጢኖስ ለምሳሌ እግዚአብሔር የሸለማቸው ስለ ውሸታቸው ሳይሆን ስለ ርኅራኄያቸው ነው ይላል። መጽሐፉ ራሱ ግን ምክንያቱን በአንድ ቃል ይዘጋዋል፦ እግዚአብሔርን ፈሩ። ንጉሡን አልፈሩም አይልም። ፈርተው ሊሆን ይችላል። ግን የበለጠ የሚፈሩት ነበራቸው።

ሌላም ነገር አለ። ዘጸአት ይሄን የሚያክል ታሪክ ሲተርክ የፈርዖንን ስም አይነግረንም። ምሁራን እስከ ዛሬ "ራምሴስ ነው፣ የለም ቱትሞስ ነው" እያሉ ይጨቃጨቃሉ። የሁለቱ አዋላጆች ስም ግን እነሆ፣ ተጽፎ ተቀምጧል።

ይህ ታሪክ በተለይ ለባለሙያ ነው የሚናገረው። ክፉ ነገር ሁሉ በመጨረሻ የአንድ ባለሙያ እጅ ይፈልጋል። የሚፈርም ሐኪም፣ የሚያስተካክል ሒሳብ ሠራተኛ፣ ማኅተም የሚመታ ጸሐፊ። "እኔ ታዝዤ ነው" የሚለው መልስ በሲፓራና በፉሐ ጊዜም ነበር። እነሱ አልተጠቀሙበትም።

2. አምስቱ እህትማማቾች፦ ሕግ ያስለወጡት

ዘኍልቍ 27። ሰለጰዓድ የሚባል ሰው በምድረ በዳ ሞቷል፣ ወንድ ልጅ የለውም። ምድሪቱ ልትከፋፈል ነው፤ ቆጠራው የወንዶች ነው። በዚያ አሠራር የሰለጰዓድ ስም ከርስት ይፋቃል፣ ልጆቹም እጃቸውን አጣጥፈው ይቀራሉ። አምስት ሴቶች ናቸው፦ ማህለህ፣ ኑዓ፣ ዔግላ፣ ሚልካና ቲርጻ።

ሽማግሌ አልላኩም። አጎት አልለመኑም። ራሳቸው ሄደው በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ፣ በሙሴ፣ በካህኑ በአልዓዛር፣ በአለቆቹና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆሙ።

ክርክራቸውን ላየው ጠበቃ የጻፈው ይመስላል። አንደኛ፣ አባታችን ከቆሬ ጋር ካመፁት ወገን አልነበረም አሉ፤ "የዓመፀኛ ልጆች ምን ርስት አላቸው" የሚለውን አፍ ከወዲሁ ዘጉት። ሁለተኛ፣ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ብቻ ስሙ ለምን ይጠፋል ብለው ጠየቁ። ሦስተኛ፣ ከአባታችን ወንድሞች ጋር ርስት ስጡን ብለው ጥያቄያቸውን በግልጽ አስቀመጡ። ለቅሶ የለም፣ ልምምጥ የለም።

ሙሴ ደግሞ "ሕጉ አይፈቅድም፣ ሂዱ" ብሎ አላባረራቸውም። ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ። የመጣው መልስ ሴቶቹ ትክክል ናቸው የሚል ነው። ለእነሱ ብቻ የተደረገ አስተያየትም ሆኖ አልቀረም፤ ለሁሉም የሚሠራ ሕግ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር ድሉ ገደብ ነበረበት። ሴት የምትወርሰው ወንድም ከሌላት ብቻ ነው። ምዕራፍ 36 ላይ ደግሞ የነገዱ ሽማግሌዎች መጥተው ርስቱ ወደ ሌላ ነገድ እንዳይሄድ ከራሳቸው ነገድ እንዲያገቡ አስወስነዋል። ሙሉ እኩልነት ነበር ብዬ አልሸጥላችሁም። ግን ይሄን ልብ በሉ፦ እነዚህ ሴቶች ርስት የጠየቁት ገና ዮርዳኖስን ሳይሻገሩ ነው። ምድሪቱ በእጅ አልገባችም። አንድ ስንዝር መሬት ሳይያዝ "ድርሻችን የቱ ነው" ማለት ተስፋው እንደሚፈጸም ካላመኑ አይሆንም። ሙሴ ከሞተ በኋላም ኢያሱ ዘንድ ሄደው የተባለላቸውን አስታወሱት (ኢያሱ 17)። ቃል ተገብቶልናል ብለው ቤታቸው አልተኙም።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1910 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሰማርያ ላይ ሲቆፍር በቀለም የተጻፈባቸው የሸክላ ስባሪዎች አገኘ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዘመን ከየቦታው ወደ ሰማርያ የመጣ የወይን ጠጅና የዘይት መዝገብ ናቸው። በምናሴ ነገድ ምድር ካሉት የቦታ ስሞች መካከል ሁለቱ ምን ይላሉ? ኑዓ እና ዔግላ! የጠየቁት መሬት በስማቸው ተጠርቷል። የግብር ጸሐፊው ማንነታቸውን ይወቅ አይወቅ እንጃ፤ ስማቸውን ግን ጽፎታል።

3. ሪጽፋ፦ አንድ ቃል ሳትናገር ንጉሥ ያንቀሳቀሰች

ወደ ሪጽፋ ልምጣ። ከሁሉም በላይ ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግኩት የእሷን ነው።

ሪጽፋ የንጉሥ ሳኦል ቁባት ነበረች። ሳኦል በጦርነት ከሞተ በኋላ ስሟ መጀመሪያ የሚነሳው በወንዶች የሥልጣን ጠብ ውስጥ ነው። የሳኦል ልጅ ኢያቡስቴ የጦር አለቃውን አበኔርን "ከአባቴ ቁባት ጋር ደርሰሃል" ብሎ ከሰሰው፤ በዚህ ተኳርፈው መንግሥቱ ተናጋ። እሷን ግን የጠየቃት የለም። ተደፍራ ነው? ሐሰት ነው? አናውቅም። በዚያ ምዕራፍ ሪጽፋ መከራከሪያ እንጂ ሰው አይደለችም።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። 2ኛ ሳሙኤል 21 ላይ ዳዊት ንጉሥ ሆኗል፣ አገሩን ደግሞ ሦስት ዓመት ተከታታይ ረሃብ መትቶታል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ሳኦል ገባዖናውያንን መግደሉ ነው ተባለ። ገባዖናውያን በኢያሱ ዘመን ቃል ኪዳን የተገባላቸው ሕዝብ ነበሩ፤ ሳኦል ያን መሐላ ሽሮ ነበር። ዳዊት ምን ልካሳችሁ አላቸው። ብርና ወርቅ አንፈልግም አሉ። የፈለጉት ከሳኦል ዘር ሰባት ወንዶች ነው።

ዳዊት ሰጣቸው። የዮናታንን ልጅ በመሐላው ምክንያት አተረፈውና ሌሎች ሰባት ሰጠ፦ ሁለቱ የሪጽፋ ልጆች፣ አምስቱ የሳኦል የሴት ልጁ ልጆች። ገባዖናውያኑ በተራራ ላይ ሰቀሏቸው። ጊዜው የገብስ አጨዳ መጀመሪያ ነበር።

እነዚህ ልጆች ምን አጠፉ? መጽሐፉ አንዲት ጥፋት አልጻፈባቸውም። የአባታቸው ዕዳ ነው የተከፈለባቸው። ብዙ ሰባኪ ይህችን ምዕራፍ ዘሎ የሚያልፋት ከባድ ስለሆነች ነው፤ እኔም ቀላል ናት አልልም።

ሪጽፋ ልጆቿን ማዳን አልቻለችም። ማንን ትለምን? የወደቀ መንግሥት ቁባት ናት። ባል የላት፣ ዘመድ የላት፣ አሁን ልጅም የላት። የቀራት አንድ ማቅ ነው። ማቁን ወስዳ ድንጋይ ላይ አነጠፈችና ሬሳዎቹ አጠገብ ተቀመጠች። ቀን የሰማይ ወፎችን፣ ሌሊት የዱር አራዊትን እየከላከለች። ከአጨዳው መጀመሪያ አንስቶ ዝናብ ከሰማይ እስኪወርድባቸው ድረስ።

ስንት ጊዜ መሆኑን ጽሑፉ በወር ቆጥሮ አልነገረንም። ግን በዚያ አገር የገብስ አጨዳ የሚጀምረው በሚያዝያ ገደማ ነው፤ የበጋው ድርቀት ካለፈ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ የሚመጣው ደግሞ በጥቅምት ገደማ ነው። ያለ ወቅቱ የዘነበ ዝናብ ነው የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ፤ ከሆነ ጊዜው ያጥራል። ካልሆነ ግን የምናወራው ስለ ወራት ነው። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ሽታ፣ ከጅብና ከአሞራ ጋር እየታገለች። ልጆቿ ሁለት ናቸው፣ የጠበቀችው ግን ሰባቱንም ነው። የሌሎቹንም እናት ለቅሶ አብራ ተሸክማላታለች።

ሕጉ ምን ይላል? ዘዳግም 21 ላይ የተሰቀለ ሰው ሬሳ በእንጨት ላይ እንዳያድር፣ በዚያው ቀን እንዲቀበር ታዝዟል። ሪጽፋ አልተናገረችም እንጂ እዚያ መቀመጧ ራሱ ክስ ነው። ማንም "እኔ አላየሁም" እንዳይል አደረገችው። በዚያ መንገድ ያለፈ ገበሬ፣ እረኛ፣ መልእክተኛ ሁሉ አይቷታል። ወሬው ከተራራው ወርዶ፣ ከሰው ወደ ሰው ሄዶ፣ በመጨረሻ ቤተ መንግሥት ገባ።

ዳዊት ሰማ። ሰምቶም ተነሳ። የሳኦልንና የዮናታንን አጥንት ከኢያቢስ ገለዓድ ድረስ ሄዶ አመጣ፤ እነዚያ ሰዎች ድሮ ሬሳቸውን ከቤትሳን ቅጥር በሌሊት አውርደው የቀበሩት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ንጉሡ አላስታወሰውም ነበር። ከእነሱ ጋር የሰባቱን አጥንት ሰብስቦ በሳኦል አባት በቂስ መቃብር በክብር ቀበራቸው። ቀጥሎ ያለውን ቃል ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ እግዚአብሔር ስለ ምድሪቱ የተለመነውን ሰማ የሚለው የተጻፈው ከስቅላቱ በኋላ አይደለም። ከቀብሩ በኋላ ነው።

ሪጽፋ በመላው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቃል ስትናገር አልተጻፈም። አንድም!

የታሪኩ ቦታዎች ዛሬም አሉ። ገባዖን ከኢየሩሳሌም በስተሰሜን ምዕራብ ኤል ጂብ የምትባለው መንደር ናት። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ጄምስ ፕሪቻርድ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ቆፍሮ "ገባዖን" የሚል የተቀረጸባቸው የእንስራ እጀታዎች አግኝቶባታል። የሳኦል ጊብዓ ደግሞ፣ ብዙዎቹ ምሁራን እንደሚሉት፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ሰሜን 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቴል ኤል ፉል ናት።

ይህን ታሪክ ኢትዮጵያዊ ሲያነበው ሌላ ነገር ይሰማዋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ልጆቻቸው ተገድለው መንገድ ላይ የተጣሉባቸው እናቶች ነበሩ። ማልቀስ የተከለከሉ፣ ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ፣ ልጃቸው የት እንደተቀበረ ሳያውቁ ያረጁ። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ውስጥ ከጅምላ መቃብር የወጣ አጥምና ልብስ ተቀምጧል። ያን አጥንት የዓመታት ፍለጋ ነው ያወጣው። "ያለፈው አለፈ፣ ተዉት" እየተባሉ እምቢ ያሉ ወላጆችና ዘመዶች ባይኖሩ ኖሮ ማን ይቆፍረው ነበር? ከዚያ ወዲህም ልጇን ሳትቀብር የቀረች እናት አገራችን አላጣችም። ለእነሱ ሪጽፋ የጥንት ታሪክ አይደለችም።

አንዳንዴ እምነት ማለት ተአምር መጠበቅ ይመስለናል። ሪጽፋ የጠበቀችው ተአምር ሳይሆን ሬሳ ነው። የሞተም ሰው ክብር አለው፣ ፈጣሪ ያየዋል ብላ ካላመነች ያን ሁሉ ሌሊት ለምን ትቀመጣለች?

4. ሕልዳና፦ ለንጉሥ የማይጣፍጥ እውነት

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ622 ገደማ፣ ኢዮስያስ በነገሠ በ18ኛው ዓመት፣ ቤተ መቅደሱ ሲታደስ የሕግ መጽሐፍ ተገኘ። ጸሐፊው ሳፋን ለንጉሡ አነበበለት። ንጉሡ ልብሱን ቀደደ፤ የተጻፈው ቅጣት በእነሱ ላይ እንደሚመጣ ገባው። "ሂዱና እግዚአብሔርን ጠይቁልኝ" ብሎ ሊቀ ካህኑን ኬልቅያስን ጨምሮ አምስት ታላላቅ ሰዎች ላከ።

የት ሄዱ? ያኔ ኤርምያስ ትንቢት መናገር ከጀመረ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ሶፎንያስም በዚያው ንጉሥ ዘመን ነው። እነሱ ግን የሄዱት ኢየሩሳሌም በሁለተኛው ክፍል ወደምትኖረው ወደ ነቢይቱ ሕልዳና ነው። ጸሐፊው "ሴት ብትሆንም" እንኳ አይልም። ለእሱ የሚያስገርም ነገር አይደለም፤ የታወቀች ነቢይት ናት፣ ተጠየቀች።

የሕልዳና ባል ሴሌም የልብስ ጠባቂ ነበር። የቤተ መንግሥቱም ይሁን የቤተ መቅደሱ፣ እንጀራቸው ከላይ ካሉት ሰዎች ጋር የተያያዘ ነው። የመጡት ደግሞ ከንጉሥ የተላኩ ናቸው። ለስላሳ መልስ ብትሰጥ ማን ይቀየማታል? እሷ ግን ንጉሡን "ወደ እኔ የላካችሁ ሰው" ብላ ነው መልእክቷን የጀመረችው። ቅጣቱ እንደማይቀር ቁርጡን ነገረቻቸው። ንጉሡ ልቡ ስለተሰበረና ስላለቀሰ ግን ያን ክፉ ነገር ዓይኑ እንደማያይ አከለችበት። ያልተባለውን አልጨመረችም፣ የተባለውንም አላለዘበችም።

እንዲህ መናገር አደጋ የለውም እንዳትሉ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በንጉሥ ኢዮአቄም ጊዜ፣ ተመሳሳይ ትንቢት የተናገረው ነቢዩ ኦርዮ ግብፅ ድረስ ተሳድዶ ተይዞ በሰይፍ ተገድሏል። ኤርምያስንም ሊገድሉት ነበር። ማን አዳነው? አኪቃም። አኪቃም ደግሞ ሕልዳና ቤት ከሄዱት አምስት ሰዎች አንዱ ነው። ያን ቀን ከአንዲት ሴት አፍ እውነቱን የሰማ ሰው፣ ከዓመታት በኋላ ያንኑ እውነት የሚናገር ሰው እንዳይሞት ቆመለት። ሁለቱን ነገሮች መጽሐፉ አያይዞ አልጻፋቸውም፤ እኔ ግን ለያይቼ ማንበብ አልቻልኩም።

ኢዮስያስ "ቅጣቱ ካልቀረ ምን ልልፋ" አላለም። ጣዖቱን አፈረሰ፣ ፋሲካ አከበረ፣ ሕዝቡን ሰብስቦ መጽሐፉን አስነበበ። በ609 መጊዶ ላይ በግብፁ ፈርዖን ኒካዑ እጅ ሞተ። ኢየሩሳሌም በባቢሎን የፈረሰችው በ586 ነው። እሱ አላየውም።

ያ ዓለም ከአፈር እየወጣ ነው። የሳፋን ልጅ ገማርያ ስም ያለበት የሸክላ ማኅተም እ.ኤ.አ. በ1982 ዳዊት ከተማ ቁፋሮ ላይ ተገኝቷል። ሕልዳና የኖረችበትን ሰፈር ያካልል ነበር የሚባለው 7 ሜትር ውፍረት ያለው ግንብ ኢየሩሳሌም ውስጥ ዛሬም ይታያል። በቤተ መቅደሱ ግቢ ደቡብ በኩል ያሉት በሮችም በስሟ የሕልዳና በሮች ይባላሉ።

5. መስቀሉ ሥር የቀሩት

መጨረሻ ላይ ወደምታውቋቸው ልመለስ፤ መግደላዊት ማርያም፣ የያዕቆብ እናት ማርያም፣ ሰሎሜ። ከእነሱም ጋር የኩዛ ሚስት ዮሐና። ኩዛ የሄሮድስ አዛዥ ነበር፤ ዮሐንስ መጥምቁን ያስገደለው ሄሮድስ! ዮሐና እንግዲህ ከዚያ ቤት ወጥታ ነው ኢየሱስን በገንዘቧ ስታገለግል የነበረችው። ቢታወቅባት ምን ሊመጣ እንደሚችል ታውቃለች።

የሮማውያን ስቅላት ለማስፈራራት የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ከኢየሩሳሌም በስተሰሜን በተገኘ መቃብር ውስጥ ሚስማር የተሰካበት የተረከዝ አጥንት ወጥቷል፤ የዚያው ዘመን ሰው ነው። የተሰቀለ ሰው ወዳጅ ሆኖ መታየት ራሱ አደጋ ነበር። ደቀ መዛሙርቱ የሸሹት ያለ ምክንያት አይደለም። ሴቶቹ ግን በሩቅ ቆመው አዩ፣ የት እንደተቀበረም ተከትለው አዩ።

እሑድ በማለዳ ሲሄዱ ትንሣኤ ሊያዩ አልነበረም። ሽቱ ይዘው የሄዱት ሬሳ ሊቀቡ ነው፤ እንደ ሪጽፋ ለሞተ ሰው ክብር። መንገድ ላይ "ያን ትልቅ ድንጋይ ማን ያነሳልናል" እየተባባሉ ነበር። መፍትሔ አልነበራቸውም። ቢሆንም አልተመለሱም።

የዚያ ዘመን አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ የሴት ምስክርነት ተቀባይነት እንደሌለው ጽፏል። አራቱም ወንጌሎች ግን የባዶው መቃብር የመጀመሪያ ምስክሮች ሴቶች ናቸው ይላሉ። የፈጠራ ወሬ ቢሆን እንዲህ ያለ ምስክር ማን ይመርጣል? ማርቆስ ደግሞ አንድ ነገር አይደብቅም፤ ሴቶቹ ተንቀጥቅጠው ሸሹ፣ ከፍርሃት የተነሳ ለማንም አልተናገሩም ይላል። ፈርተዋል። በኋላ ግን ቃሉ የደረሰን ከእነሱ አፍ ነው።

እንግዲህ ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ ከእነዚህ ሴቶች አንዷም የሌላትን ነገር አልጠበቀችም። "ሥልጣን ቢኖረኝ ኖሮ" ያለች የለችም። አዋላጅ በማዋለጃዋ፣ ወራሽ በክርክሯ፣ እናት በማቋ።

ሁለተኛ፣ ሁሉም አልተሳካላቸውም። የሪጽፋ ልጆች አልተነሱም። የሕልዳና ከተማ አልተረፈችም። እምነት ሁልጊዜ በድል ይቋጫል ብሎ የሚያስተምራችሁ ካለ እነዚህን ምዕራፎች አሳዩት።

ሦስተኛ፣ ያዩትን አይተናል አሉ። ሪጽፋ ንጉሡ እንዲያይ አደረገች፤ ሕልዳና የሚመጣውን ነገረችው፤ መግደላዊት ያየችውን ለሐዋርያት አወራች። አላየሁም፣ አልሰማሁም ማለት በማንኛውም ዘመን ቀላሉ መንገድ ነው።

በየቤታችን እንዲህ ያሉ ሴቶች አሉ። ስማቸው መጽሐፍ ላይ ያልወጣ፣ ልጅ ቀብረው ወይም ሳይቀብሩ ልጅ ያሳደጉ፣ "ይሄማ አይሆንም" ብለው የቆሙ እናቶችና አያቶች። በሕይወት ያሉት ሳያልፉ ታሪካቸውን ጠይቋቸው፣ ጻፉላቸው። ፈርዖን ስሙ ባይጻፍለት ጉዳያችን አይደለም። የአዋላጆቹ ግን መጻፍ አለበት።

ቸር ሰንብቱ።